በቤት ውስጥ ያለ ዓሣ ሲታመም የሚታዩ ምልክቶች

እናቶች ሆይ፤ ዶሮ ስትታመም ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋችሁም። ክንፏን ጥላ ጥግ ይዛ ካንቀላፋች «ይቺስ ደኅና አይደለችም» ብላችሁ ትለያታላችሁ። በግም ጆሮውን ጥሎ ከመንጋው ወደ ኋላ ሲቀር እንደዚሁ ነው። ዓሣ ግን አይጮኽም፥ አያቃስትም። ሕመሙን የሚናገረው በአዋዋኙና በገላው ብቻ ስለ ሆነ፥ ይህን ንግግሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ለገጠር ሰው ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከሸኖ ወይም ከአለልቱ ተነሥታችሁ ልጃችሁን ለመጠየቅ አያት ስትደርሱ፥ በአንዳንዱ ቤት ሳሎን ውስጥ አኳሪየም የሚባል የመስታወት ገንዳ ታገኛላችሁ። በገጠርም ከሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል የቆሮሶ ጫጩት ወስዶ በኩሬ የሚያረባ ገበሬ አለ። ከዚህ በታች ከምናወራው ምልክት አብዛኛው ለኩሬውም ያገለግላል።

አንዲት አያት (የሰፈሩም ስም አያት ነውና ነገሩ ያስቃል) የልጅ ልጃቸውን ለማየት መጥተው ሲሰነብቱ የገንዳው መስታወት አረንጓዴ ለብሶ አዩ። በቅን ልብ ተነሡ። አምስቱን ዓሦች በሳፋ አውጥተው፥ ገንዳውን በሳሙናና በበረኪና ፈትገው፥ ከቧንቧ የቀዱትን ውሃ ሞልተው መለሷቸው። ማታ ዓሦቹ ሁሉ ከውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ሲነጋ ሦስቱ ሞተው ተገኙ። ልጁ ምሳውን እምቢ አለ። «እኔ እኮ አጸዳሁልህ እንጂ ምን አደረግሁ?» ቢሉት፥ «እማማ፥ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ለምን ሞቱ?» አላቸው።

ጥያቄው ትክክል ነው። ከአያት ወደ ምሥራቅ ያለው የለገዳዲ ግድብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ ይሰጣል፤ ውሃውም ለሰው ከመድረሱ በፊት በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን እኛን ከተቅማጥ ይጠብቀናል፤ የዓሣን ስንጥብ ግን ያቃጥላል። ስንጥብ ማለት ዓሣ የሚተነፍስበት፥ ከጉንጩ ክዳን ሥር ያለው ቀይ ነገር ነው። በዚያ ላይ በገንዳው ጠጠርና በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የዓሣውን ሽንትና ኩስ መርዝነቱን የሚያጠፉ ጠቃሚ ረቂቅ ተሐዋስያን ይኖራሉ። በረኪናው እነርሱንም ፈጃቸው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ሲለወጥም በየሳምንቱ ሩብ ያህሉ ብቻ እንጂ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይደፋም። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳው በዚያው አሮጌ ውሃ ነው፤ ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ጤነኛ ዓሣ ክንፎቹን ዘርግቶ ይዋኛል፥ ምግብ ሲጣልለት ፈጥኖ ይመጣል፥ የስንጥቡም ክዳን ሳይቸኩል ይከፈታል ይዘጋል። የታመመ ዓሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ክንፎቹን ከገላው ጋር ማጣበቅ ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚቀመጥ በሽተኛ ይመስላል። ከባልንጀሮቹ ይለያል፥ ምግብ ይተዋል። ይህን ስታዩ ሌላ ምልክት እስኪወጣ አትጠብቁ።

ሁሉም ዓሦች በጠዋት ከላይ ሆነው አየር የሚጎርሱ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚይዘው አየር ከቆላ ውሃ ያነሰ ነው። መብራት ሌሊት ጠፍቶ የአየር ማስገቢያው ሞተር ሲቆም የባሰ ይሆናል። በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ ወደ ገንዳው መልሶ ማፍሰስ እስከዚያው ያስታግሳል። ቤት ውስጥ ፍሊት የሚነፋ ሰው ካለም ጠይቁ፤ ለዝንብና ለበረሮ የሚነፋው መድኃኒት ጥቂቱ ውሃ ላይ ካረፈ ዓሣ ይገድላል።

ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል፥ ከድንጋይ ጋር የሚታከክ ዓሣ የነጭ ነጥብ በሽታ ይዞታል። ነጥቡ ከቆዳው ሥር የገባ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ጠግቦ ሲወድቅ ከገንዳው ታች ተጣብቆ ብዙ መቶ ይሆናል፤ እነዚያም ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። እንግዲህ ነጥቡ ከዓሣው ላይ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት እንዳልሆነ አስተውሉ፤ ሊበዛ ወርዶ ይሆናል። ለ10 ሊትር ውሃ እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ጨው በሌላ ዕቃ አሟሙቶ በሁለት ቀን ውስጥ ጥቂት በጥቂት መጨመር ብዙዎቹን ዓሦች ይረዳል። ቅርፊት የሌለው እንደ አምባዛ ያለ ዓሣ ግን ጨው ስለማይወድ እየታየ ይሁን።

ቁስል ላይ እንደ ባዘቶ ጥጥ የሚበቅል ነገር ሻጋታ ነው። የክንፉ ጫፍ ነጥቶ እንደ አሮጌ ነጠላ ዘርፍ ከተበጣጠሰ ደግሞ በባክቴሪያ እየበሰበሰ ነው፤ ይህ በቆሸሸ ውሃ የሚመጣ ስለ ሆነ ሕክምናው ከውሃው ይጀምራል። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ላባዋን እንዳቆመች ዶሮ ከቆመ፥ እውነቱን ለመናገር፥ የሚድነው ጥቂት ነው። በሽተኛውን ለብቻው ማድረግና ለልጁም አስቀድሞ መንገር ይሻላል።

እባካችሁ በዚህ ጊዜ ከአልጋ ራስጌ የተረፈ የቴትራሳይክሊን ወይም የአሞክሳሲሊን እንክብል ከፍታችሁ ውሃው ውስጥ አትበትኑ። መጠኑ አይታወቅም፤ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለምደዋል።

የሰውን ነገር ደግሞ አንርሳ። የዓሣ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ለብቻው ይሁን፤ ሰሐን በሚታጠብበት ቦታ አይደፋ። ውሃውን በጎማ ሲያወርዱ በአፍ መሳብ መጥፎ ልማድ ነው። ልጆች ገንዳውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፥ እጁ የቆሰለ ሰውም ጓንት ሳያደርግ አይግባበት። በዓሣ ውሃ ውስጥ የሚኖር የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ አለና፥ በቁስል ገብቶ ከሳምንታት በኋላ በጣት ወይም በክንድ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ እብጠት ያወጣል። እንዲህ ያለ የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «የዓሣ ገንዳ አጥባለሁ» ብሎ ይንገር፤ ካልነገረ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

የሞተው ዓሣ ለድመት አይሰጥም፥ ወንዝም አይጣልም፤ ጠለቅ ተደርጎ ይቀበራል። በሕይወት ያለውንና የገንዳውን ሣርም ቢሆን ወደ ወንዝ አትልቀቁ። እንግዳ ተክል ውሃ ላይ የሚያደርገውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ ከታየው ከእምቦጭ አይተናል። ከገንዳው የተቀዳው አሮጌ ውሃ ለአበባና ለዛፍ ጥሩ ነው፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሁን።

የተረፉት ሁለቱ ዓሦች ያደረ ውሃ ተደርጎላቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ክንፉን ዘረጋ፤ ልጁም ለአያቱ ሊያሳይ ከማዕድ ቤት ጎትቶ አመጣቸው።