ባለቤቱ የረሳው ሽቦ



ከኢማን ቅርንጫፎች ዝቅተኛው አስቸጋሪ ነገርን ከመንገድ ላይ ማስወገድ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን እሾህ ወይም ድንጋይ ነው። ዛሬ ስለ አንድ አጥር እናውራ።

በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ፕሮንግሆርን የሚባል፣ ሚዳቋ የሚመስል እንስሳ አለ። በሰሜን አሜሪካ ምድር በሩጫ የሚቀድመው የለም። አንደኛው መንጋ ሞቃቱን ወቅት በግራንድ ቲተን ተራሮች ሥር ያሳልፍና ብርዱ ሲመጣ በረዶ ወደሚቀልበት የግሪን ሪቨር ሸለቆ ይወርዳል። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ፈጣን እንስሳ ግን አጥር መዝለል ብዙም አይሆንለትም። ሽቦ ሲገጥመው በሥሩ ለመሹለክ ይሞክራል። የታችኛው ሽቦ ዝቅ ካለ እሾሁ ጀርባውን ይልጠዋል። ለበግ የታጠረ የሽቦ መረብ ከሆነ ደግሞ ማለፊያ ያጣል፤ በረዶው እየከበደ እሱ በአጥሩ ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል።

ልብ በሉ፤ አጥሩን የሠራው ሰው ክፉ አላሰበም። ከብቶቹን ሊጠብቅበት ነበር። ከብቶቹ ተሸጡ፣ ሰውየውም ሄደ፣ ሽቦው ግን እዚያው ቀረ። አሁን የሚጠብቀው ነገር የለም፤ መንገድ ብቻ ይዘጋል።

በዚያ አካባቢ በጎ ፈቃደኞች በእረፍት ቀናቸው ይህንን ሽቦ ለማንሳት ይወጣሉ። ጓንት አጥልቀው ሚስማሩን በፒንሳ ይነቅላሉ፣ ሽቦውን ጠቅልለው ተሸክመው ያወጣሉ። ቁራጭ እንኳ አይተዉም፤ እግር ላይ ይጠመጠማልና። አጥሩ አሁንም የሚያስፈልግ ከሆነ አያፈርሱትም፤ የታችኛውን ሽቦ እሾህ በሌለው ይተኩና ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጉታል። ፕሮንግሆርኑ ሲያልፍ ማን እንደከፈተለት አያውቅም፤ አያመሰግንም።

ወንድሜ፣ እህቴ! የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው ታሪክ ታውቃላችሁ። ውሻው ማመስገን አልቻለም፤ አላህ ግን ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ማንም በማያይበት ቦታ፣ ማመስገን ለማይችል ፍጥረት የሚሠራ ሥራ ለኢኽላስ እንዴት ይቀርባል!

አንድ ነገር ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ። ኒያችን ጥሩ ስለነበረ ብቻ ትተነው የሄድነው ነገር ጉዳቱ አይቆምም። ግንባታው ካለቀ በኋላ በሰፈሩ መንገድ ላይ የቀረው ሽቦና ሚስማር የማን ነው? «እኔ አላስቀመጥኩትም» ማለት ቀላል ነው። እነዚያ በጎ ፈቃደኞችም አጥሩን አልሠሩትም።

ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ በመንገዳችሁ ያለውን አንድ አስቸጋሪ ነገር አንሱ። የራሳችሁ ከሆነ ቶሎ፣ የሌላ ከሆነም አስፈቅዳችሁ።

አላህ ለፍጥረቱ ሁሉ መንገድ ከሚከፍቱት ያድርገን። ኣሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!