ፒካፕ መኪና ከመግዛት አስቀድሞ ስለሚደረግ ፈተና

በመተከል ዞን ከድባጤ ገበያ እህልና ሰሊጥ ለሚያነሣ ነጋዴ ፒካፕ የብዙ ዘመን ጥሪቱን የሚያወጣበት ዕቃ ነው። ስለዚህ ያገለገለውን ሲገዛ ባዶውን በአስፋልት ላይ ነድቶ መደሰት አይበቃውም። በመጀመሪያ በማለዳ ሞተሩ ሳይሞቅ ራሱ ሊያስነሣው ይገባዋል፤ ሻጭ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ጉድለቱን ይሸሽጋልና። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን ይገልጣል፤ ነጩም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካልተቋረጠ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ያመለክታል። ቀጥሎ ኩንታል አስጭኖ ዳገት ያውጣው፤ ባዶ መኪና ሁሉ ጎበዝ ነውና። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ በቁልቁለት እግር ከነዳጅ ሲነሣ ማርሹ ዘሎ ቢወጣ ካምቢዮው ታሟል። ይህን ፈተና የሚከለክል ሻጭ ቢያጋጥም፥ ዋጋው ቢረክስም መተው ነው። ቀብድ ከመስጠት በፊት የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ከተጻፈው ጋር ይመሳከር።