አርን በቪዲዮ መማር፦ ከማየት ወደ መሥራት

አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተፈጠረ ሲሆን፣ 1.0.0 የተሰኘው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቷል። በነፃ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ አጠቃቀሙን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል። ይሁን እንጂ ቪዲዮ የሚያሳየው አስቀድሞ የተቃናውን መንገድ ነው፤ የተማሪው መረዳት የሚፈተነው ትእዛዙን ራሱ ሲጽፍ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከአር ጋር አብሮ የሚመጣው «ኤርኳሊቲ» የተባለ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በኒውዮርክ የተመዘገበ የ153 ቀናት የአየር መረጃ ይዟል። የኦዞኑን አማካይ እንዲያሰላ ስናዝዘው አር ቁጥር አይሰጥም፤ «ኤንኤ»፣ ማለትም «መረጃ የለም» ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱም በ37ቱ ቀናት የኦዞን መጠን አልተመዘገበም። የጎደሉትን እንዲተው ካዘዝነው የቀሩት 116 ቀናት አማካይ 42.1 ይሆናል። በባዶዎቹ ቦታዎች ዜሮ ብንሞላ ግን 31.9 እናገኛለን። ዜሮ «ኦዞን አልነበረም» ማለት ነው፤ ባዶ ቦታ ግን «አልተመዘገበም» ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ የተሳሳተ ውጤት ያቀርባል፤ ኮምፒዩተሩም አያስጠነቅቀውም።

ስለዚህ ቪዲዮ ስትከታተሉ፦

1. ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት ቪዲዮውን አቁማችሁ ውጤቱን ገምቱ።
2. ትእዛዙን ራሳችሁ ጻፉት።
3. በሌላ ዓምድ ላይ ሞክሩት።

ለመለማመጃ ያህል፣ የነፋስ ፍጥነት ዓምዱ የጎደለ መረጃ ስለሌለበት አማካዩ ወዲያውኑ 9.96 ሆኖ ይወጣል። የፀሐይ ጨረሩ ዓምድስ ምን ይመልሳል? ከመሞከራችሁ በፊት በዓምዱ ውስጥ ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ቁጠሩ።