በዝናብ መካከል የሚጠማ ሥር

ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ሆኖም በጊምቢ፣ በነጆና በሌሎች የወለጋ አካባቢዎች አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ማሳ ላይ ዝናቡ ለጥቂት ቀናት ሲያቋርጥ ሰብሉ ፈጥኖ ይጠወልጋል። ውኃ በሞላበት ምድር ተክል ስለምን ይጠማል? መልሱን የምናገኘው ከሥሩ ጫፍ ነው።

ሥር ተክሉን ከመሬት ጋር አጥብቆ ይይዛል፤ ውኃንና ማዕድናትንም ይመጣል። ጫፉን የሥር ቆብ ይሸፍነዋል። ከቆቡ ቀጥሎ አዳዲስ ሕዋሳት የሚፈጠሩበት፣ ከዚያም ሕዋሳቱ የሚረዝሙበት ክፍል አለ። በኦስሞሲስ የገባው ውኃ ሕዋሳቱን ከውስጥ ስለሚወጥራቸው ጫፉ አፈሩን እየገፋ ይጓዛል፤ ግፊቱም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ሦስትና አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ክፍል በላይ የሥር ጸጉሮች ይበቅላሉ፤ የሚመጥጠውን የገጽ ስፋት እጅግ የሚያሳድጉት እነርሱ ናቸው። የገባው ውኃ ወደ ዛይለም ደርሶ በቅጠሎች ትነት ወደ ላይ ይሳባል።

በ1937 እ.ኤ.አ. ዲትመር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሣጥን አፈር ውስጥ ለአራት ወራት ያደገን አንድ የራይ (rye) ተክል ሥሮች ለካ። ጸጉሮቹን ሳይጨምር ድምር ርዝመታቸው ከ620 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ደርሶ መልስ የሚጠጋ መንገድ ነው።

ወደ ወለጋ አፈር እንመለስ። ብርቱ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ለዘመናት አጥቦ ወስዷል። ሰብሉን ከነገለባው ከማሳው ማንሳትና እንደ ዩሪያ ያለ ማዳበሪያ ለረጅም ጊዜ መጠቀምም አሲዳማነቱን ያባብሳሉ። ፒኤች በአንድ ሲቀንስ የሃይድሮጂን አዮኖች መጠን አሥር እጥፍ ያድጋል። አንድ የአሉሚኒየም አዮን ከማዕድኑ ለመላቀቅ ሦስት የሃይድሮጂን አዮኖች ስለሚያስፈልጉት፣ በንድፈ ሐሳብ የሚሟሟው አሉሚኒየም አሥር ጊዜ አሥር ጊዜ አሥር፣ ማለትም ሺህ እጥፍ ይጨምራል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ ሕዋሳቱ መርዘም ያቆማሉ፣ ሥሩም አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከታች ያለው ውኃ አይደረስበትም። ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ከተክሉ ይርቃል።

መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው። ኖራው የሃይድሮጂን አዮኖችን ይቀንሳል፤ አሉሚኒየሙም ተመልሶ ጠጣር ይሆናል። ነገር ግን በሄክታር የሚያስፈልገው በቶን የሚቆጠር በመሆኑ ማጓጓዙ ለገበሬው ከባድ ነው፤ የሚያክመውም በዋናነት የተቀላቀለበትን የላይኛውን አፈር ብቻ ነው።

ተማሪዎች ይህን በቀላሉ መፈተን ይችላሉ። አሲዳማ አፈር በሁለት ጣሳዎች እንሙላ፤ በአንደኛው ጥቂት ኖራ ቀላቅለን፣ ሁለቱንም አርጥበን ጥቂት ሳምንታት እናቆይ። ከዚያ በሁለቱም ገብስ ዘርተን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥሮቹን አጥበን በማስመሪያ እንለካ። የማሳው ችግር በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይታየናል።