ውግዘቱ ተነሣ፤ ስድቡስ?



ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት ሳሉ በ1984 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን በአገር ቤትና በስደት በቆሙ ሁለት ሲኖዶሶች ለ26 ዓመታት ያህል ተለያይታ ኖረች። ክርክሩ የቀኖና ነበር፤ ሃይማኖታችንም ቅዳሴያችንም ግን አንድ ነበሩ። ሆኖም እኛ ምእመናን «የአገር ቤት»፣ «የስደተኛው»፣ «ገለልተኛ» ተባባልን። ዴንቨርንና አውሮራን በሚያቋርጠው በኮልፋክስ ጎዳና ስንገናኝ ፊታችንን ያዞርን፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን መቀመጥ የከበደን አለን።

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ሁለቱ ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ታረቁ፤ ውግዘቱም ተነሣ። አባቶች ያሰሩትን አባቶች ፈቱ። እኛ «መናፍቅ»፣ «ከሃዲ» ብለን የሰደብነውን ግን ማን ይፍታልን? ከራሳችን በቀር የሚያነሣልን የለም።

ስሕተትን ስሕተት ማለት ኃጢአት አይደለም። ትምህርትን መርምሮ ማውገዝ ግን የሲኖዶስ ሥልጣን ነው። የእኛ ድርሻ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንዳዘዘው የበደለንን ወንድም አስቀድሞ ለብቻው ማነጋገር ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነት እንድንመልስ ያስተምረናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)።

እንግዲህ ዛሬም በሌላ ጉዳይ ስንከራከር፣ «ነገ ከዚህ ሰው ጋር ለቅዱስ ቍርባን ብንቀርብ ይህ ቃል ያሳፍረናልን?» ብለን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። በዚያ ዘመን ያስቀየምነው ወንድም ወይም እኅት ካለም፣ እስኪመጣ ሳንጠብቅ ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ እንለምን።