ተመራማሪ ምስክር ነው

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቴሲሱን ይዞ ፈታኞች ፊት ሲቆም ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ምን አዲስ ነገር አገኘህ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእሱ የሚቀድም አለ፤ ምን አየህ? እንዴት አየኸው? እስከ ምን ድረስስ እርግጠኛ ነህ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስለሚቀድመው ነው። በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግም ሆነ በዲዛይን ምርምር የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ምስክር ነው።

የምስክርን ነገር ለእኛ ማስረዳት ብዙ አያደክምም፤ ሙግት በሚያውቅ አገር አድገናል። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ሲባል ሰማሁ» የሚል ሰው ቃሉ ዋጋ አያገኝም። ያላየውን ከጨመረ ያየውም ይጠረጠርበታል። ያየውን ከደበቀ ደግሞ ከሐሰተኛ ምስክር አይሻልም። ተመራማሪውም የሚዳኘው በዚሁ ነው። የእሱ ሸክም የሚከብደው ብዙ ጊዜ ነገሩን ያየው እሱ ብቻ በመሆኑ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ሌሊቱን የቆየው፣ ማሳው ላይ የለካው እሱ ነው፤ ቢዋሽ ቶሎ የሚያጋልጠው የለም።

ይህን በአንዲት ተማሪ ሥራ ቀስ ብለን እንመልከት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆስሊን ቤል ከሰሜን አየርላንድ የመጣች የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፒኤችዲ ተማሪ ነበረች። አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ ነበሩ። የተሰጣት ሥራ ብልጭ ድርግም የሚሉ የሬዲዮ ምንጮችን ከሰማይ ላይ መልቀም ነው። መሣሪያው ገና ስላልነበረ መጀመሪያ እሱን መሥራት ነበረባቸው፤ እሷና ባልደረቦቿ ሁለት ዓመት ያህል ምሰሶ ሲተክሉ፣ ሽቦ ሲዘረጉ፣ ከ2,000 በላይ ትንንሽ አንቴናዎችን ሲያያይዙ ኖሩ። ምርምር ሲባል ነጭ ጋውን ብቻ ለሚታየው ሰው፣ መዶሻ ማንሳትም የፒኤችዲ ሥራ መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ።

ቴሌስኮፑ በጁላይ 1967 ሥራ ጀመረ። የሚያወጣው ውጤት በሚጠቀለል ወረቀት ላይ ብዕር የሚጭረው መስመር ነበር። ወረቀቱ በቀን ወደ 30 ሜትር ይደርሳል። ኮምፒዩተር አያነበውም፤ የምታነበው እሷ ናት፣ በዓይኗ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ቦታ የያዘ አንድ ጭረት ዓይኗን ያዘው። የምትፈልገውን ዓይነት ምንጭ አይመስልም። ከመኪና ሞተር ወይም ከሬዲዮ ጣቢያ የሚመጣ ረብሻም አይመስልም። «ይህን ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» ብላ የቆዩትን ጥቅሎች ፈታች። እውነትም ነበረ፤ ከዚያው ከሰማዩ ክፍል።

ሰዓቱን ስትመረምረው ጭረቱ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ አስተዋለች። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሰው ሥራ የሚሄደው በ24 ሰዓት ነው፤ ፋብሪካው፣ ጣቢያው፣ መኪናው በፀሐይ ሰዓት ይኖራል። ከዋክብት ግን ወደነበሩበት ቦታ የሚመለሱት በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አራት ደቂቃ የሚቀድም ነገር የከዋክብትን ሰዓት ይጠብቃል ማለት ነው። ምንጩ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ የት እንዳለ ግን ፍንጭ ተገኘ።

በተለመደው ፍጥነት ጭረቱ ተጨናንቆ ስለሚታይ ወረቀቱን አፍጥኖ ማስኬድ አስፈለገ። በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቃ እየሄደች ማሽኑን ስታፈጥን፣ ምንጩ ለሳምንታት ደክሞ ጠፋባት። ኖቬምበር 28 ቀን ግን መጣ፤ ብዕሩ በ1.3 ሰከንድ ልዩነት፣ ሳያዛንፍ፣ ምት በምት አወጣው። ለአማካሪዋ ስልክ ስትደውል የሰው ሥራ መሆን አለበት አሏት። አልተቆጣችም፣ አልተወችውምም፤ እሳቸውም በማግስቱ መጥተው በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መስቀለኛ ጥያቄ ነው። ከጨረቃ የተንፀባረቀ ራዳር ይሆን? ሳተላይት? የራሳችን መሣሪያ ብልሽት? በሌላ ቴሌስኮፕና በሌላ መቀበያ ሞከሩት፤ እዚያም ታየ። በቀልድ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች»፣ ማለትም የሌላ ዓለም ፍጡራን፣ የሚል ስም እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። በዲሴምበር ቤል ራሷ ከሌላ የሰማይ አቅጣጫ ሁለተኛ ምንጭ ስታገኝ ያ ቀልድ አበቃ፤ ከሁለት አቅጣጫ የሚጠሩን ፍጡራን ይኖራሉ ማለት አይመስልምና። ግኝቱ በፌብሩዋሪ 1968 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ምንጮቹ ዛሬ ፐልሳር የምንላቸው፣ እጅግ የታመቁ፣ እየተሽከረከሩ ጨረር የሚልኩ ኒውትሮን ከዋክብት ናቸው።

በ1974 የኖቤል ሽልማት ለሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፤ የእሷ ስም አልነበረበትም። ይህን ፍርድ ትክክል ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ዋናውን ምስክር ከችሎት ያስወጣ ፍርድ ነው። ለትምህርታችን የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፤ ፐልሳር በቴሲሷ ውስጥ የገባው በአባሪው ነበር። ዋናው ጽሑፍ የተላከችበትን ጉዳይ ጨረሰ፣ ያልተጠራችበትን ግን ያየችውን ነገር ሳትደብቅ በመጨረሻ አስቀመጠች።

አሁን አንድ አንባቢ «ያየሁት ነገር ከታላላቆቼ እውቀት ጋር ቢጋጭስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይህ ፈተና የደረሰባት ሴሲሊያ ፔን ናት። በ1925 በሃርቫርድ የኮከብ ምርምር ጣቢያ ያዘጋጀችው የዶክትሬት ጽሑፍ የከዋክብትን ብርሃን መስመሮች ይተነትናል። የተጠቀመችበት የሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ የሜግናድ ሳሃ ቀመር ነው፤ አተሞች በሙቀት ብዛት ኤሌክትሮናቸውን እንዴት እንደሚያጡ የሚያሰላ። በዘመኑ የነበረው እምነት ፀሐይ ከምድር ጋር ተመሳሳይ ቅንብር አላት የሚል ነበር። የፔን ስሌት ግን በከዋክብት ውስጥ ሃይድሮጂን ከብረታ ብረቱ ወደ ሚሊዮን እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። በዘርፉ ታላቅ የነበሩት ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ ሊሆን አይችልም አሉ። ወጣቷም በጽሑፏ ውስጥ ውጤቱ እውነተኛ ላይሆን ይችላል የሚል ቃል አስገባች።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚነግረን እንደ ሽንፈት ነው። በጥሞና ሲታይ ግን ትርጓሜውን አለዘበች እንጂ ቁጥሮቹን አልሰረዘችም። ሰንጠረዡ ታትሞ ቀረ። ራስል በ1929 በራሳቸው መንገድ ሄደው እዚያው ሲደርሱ የእሷን ሥራ ጠቀሱ። ስለዚህ ያየኸውንና የመሰለህን በሁለት ዓምድ ለይተህ ጻፍ። ስለ መሰለህ ነገር ከታላላቆችህ ጋር ልትደራደር ትችላለህ። በለካኸው ግን ድርድር የለም።

መሐንዲስና ዲዛይነርስ? እነሱ ተፈጥሮን አይመሰክሩም፤ የሠሩት ነገር እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሠራም ይመሰክራሉ። ክሎድ ሻነን በ1937 በኤምአይቲ የጻፈው የማስተርስ ቴሲስ ለዚህ ይበቃል። እስከዚያ ድረስ የስልክ ማዞሪያዎችን የኤሌክትሪክ ዑደት የሚነድፉ ሰዎች በልምድና በሙከራ ነበር የሚሠሩት። ሻነን በ19ኛው መቶ ዘመን ጆርጅ ቡል የደረሰውን የሎጂክ አልጀብራ አምጥቶ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን በ0ና በ1 መጻፍ፣ ዑደቱንም በወረቀት ላይ ማቃለል እንደሚቻል አሳየ። ማንም ሰው እርሳስ ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ይኸው ሻነን በ1963 ለተማሪው ለአይቫን ሰዘርላንድ አማካሪ ነበር። ሰዘርላንድ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ የሚሣልበትን ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ተጠቃሚው ሁለት የተንጋደዱ መስመሮችን ስሎ ትይዩ ሁኑ ቢል ማሽኑ ያቃናቸዋል፤ ዋናውን ሥዕል ቢለውጥ ቅጂዎቹ ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። የዲዛይን ቴሲስ «ያምራል» ብሎ የሚያበቃ የሚመስለው ካለ ይህን ይይ። ሰዘርላንድ ያቀረበው ውበት አልነበረም፤ ሥዕል በመስመሮች መካከል ያለ ዝምድና መሆኑን የሚያሳይ፣ ቁልፍ ተጭነው የሚፈትሹት ማስረጃ ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ትምህርት የሚፈተነው ብዙ ጊዜ በአንድ አጭር አባባል ነው፤ «ውጤት አልወጣልኝም።» ተማሪው አዲሱን ማዳበሪያ ሞከረ፣ ከድሮው ልዩነት አላገኘም፤ ደነገጠ። አንዳንዱ ሰንጠረዡን «ያስተካክላል»፣ አንዳንዱ ርእስ ይቀይራል። ሁለቱም ምስክርነትን መካድ ነው። ዘዴው ንጹሕ ከሆነ «ልዩነት የለውም» የሚለው ራሱ ውጤት ነው፤ የሚቀጥለውን ተማሪ አንድ ክረምት ያተርፍለታል፣ ገበሬውንም ከከንቱ ወጪ ያድናል። ያላነበቡትን መጣጥፍ ከሌላ ሰው ዋቢ ዝርዝር ገልብጦ መጥቀስም ያው «ሲባል ሰማሁ» ነው።

አማካሪዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪያችሁ የማይመስል ነገር ይዞ ሲመጣ ልክ አይደለም ከማለታችሁ በፊት ማስታወሻ ደብተሩን ጠይቁት፤ ቀኑን፣ መሣሪያውን፣ ጥሬውን ቁጥር አብራችሁ እዩ። ስህተት ከሆነ እዚያው ይገኛል። ካልሆነም ቁጥሩ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ አድርጉ፤ ዋናው ምዕራፍ ባይቀበለው አባሪው ይቀበለዋል።