አለቃ ሰው ሲያማ

ደብዳቤ ሊያስፈርሙ ገብተዋል። አለቃዎ እስክሪብቶውን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «ያቺ ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ከባሏ ተለያየች አሉ፤ እውነት ነው?» ይላሉ። ጓደኛ ቢሆን «ተው እባክህ፣ ሰው አንማ» ተብሎ ይታለፋል። እኚህ ሰው ግን ፈቃድዎንም እድገትዎንም የሚፈርሙ ናቸው።

መጀመሪያ የተነገረው ነገር ሐሜት መሆን አለመሆኑን ይለዩ። «ሪፖርቱን ሁለቴ አዘገየብን» ማለት ባለቤቱ በሌለበት ቢነገርም የሥራ ጉዳይ ነው። የሰው ትዳር፣ ሕመም፣ እርግዝና፣ ብሔር ወይም ዕዳ ሲነሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሐሜት ከሆነ እህ ባይ አይሁኑ። «ውይ! እውነት?» ብሎ መደንገጥ፣ ለይሉኝታ ፈገግ ማለት፣ ራስ መነቅነቅ፣ ሁሉም እንደ ተሳትፎ ይቆጠራል። ከሳምንት በኋላ ያው ወሬ ሌላ ቢሮ ውስጥ ሲደገም «እሷም እኮ ታውቃለች» ተብሎ የእርስዎ ስም ይጨመርበታል። ማስተባበልም አይበጅም፤ «ኧረ አልተለያዩም» ያለ ሰው የልጅቱን ጓዳ እንደሚያውቅ መሰከረ፣ ቀጣዩ ጥያቄም ወደ እሱ ይመጣል።

ከዚያ አጭር መልስ ይስጡና ወደ ሥራው ይመለሱ። «እሱን እንኳ አላውቅም ጋሼ። ይቺ ደብዳቤ ከምሳ በፊት ካልወጣች ባንክ ይዘጋብናል።» ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ካልበቃ ስለ ታሚዋ በሥራ የሚያውቁትን አንድ እውነት ይናገሩ፦ «እኔ እንኳ የማውቃት ወር ሲዘጋ እስከ ማታ ስትሠራ ነው።» ለሦስተኛ ጊዜ ከመጡበት ደግሞ ነገሩን በራስዎ ላይ አድርገው ይንገሯቸው፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ እሷ በሌለችበት ስለ ቤቷ ካወራሁ ነገ ዓይኗን ማየት ያቅተኛል።» ይህን ለብቻ ሲሆኑ እንጂ በስብሰባ ወይም ምሳ ላይ አይበሉት፤ ሰው ፊት ያፈረ አለቃ ቂም ይይዛል።

ከሁሉ የሚከፋው አለቃው ወሬ ከማውራት አልፎ ወሬ ሲጠይቅ ነው። «እነ እንትና ስለ እኔ ምን ይላሉ? ማን ከማን ጋር ነው ሻይ የሚወጣው?» ጥያቄው የመታመን ምልክት ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ወጥመድ ነው። አንዴ ስም ከጠሩ በየሳምንቱ ይጠየቃሉ፣ ባልደረቦችዎም ጆሮ ጠቢ የሚል ስም ያወጡልዎታል። ስለዚህ ቀላል የሚመስለውን እንኳ አይስጡ። «ቅሬታ ያለው ሰው ካለ በስብሰባ ቢጠይቋቸው ይሻላል፤ እኔ የሰው ቃል በትክክል ማድረስ አልችልም» ይበቃል። በቴሌግራም ከመጣ ደግሞ የሳቅ ምልክትም አውራ ጣትም አይላኩ፤ የሥራውን ብቻ ይመልሱ።

የሰሙትን ለታማችው ልጅ ወስዶ መንገርስ? ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ሕመሙ ለእሷ፣ ጠቡ ለእርስዎ ይተርፋል። ወሬው ውሳኔ ሲወልድ ግን ዝም አይባልም። «እርጉዝ ስለሆነች ከሥራ እናሰናብታት» የሚል አለቃ ሐሜቱን አልፎ ሕግ ወደ መጣስ ሄዷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እርግዝናም ሆነ የጋብቻ ሁኔታ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ያን ጊዜ ለእሷ ይንገሯት። የተባለውን ቃል በቃል፣ ከቀኑና እዚያ ከነበሩት ሰዎች ስም ጋር በራስዎ ደብተር ይጻፉ፤ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ አይተዉት። ቀጥሎ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ወይም ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ይሂዱ።

ይኸው አዋጅ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብም ለስንብት ምክንያት አይሆንም ይላል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት ግን በሌላ አዋጅ ነው። የሙከራ ጊዜ ላይ ያሉም ይጠንቀቁ፤ እስከ 60 የሥራ ቀን በሚደርሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ «ለሥራው ተስማሚ አይደለም» የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል፣ በጽሑፍ ከማመልከትዎ በፊት የማኅበሩን ሰው ወይም ሕግ አዋቂ ያማክሩ።